ዝም ብሎ የማየት ሥራ

እናቴ ደብረ ብርሃን ላይ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «ልጄ የኮምፒውተር ሰው ናት» ብላ ነው የምትገላገለው። እኔ ግን ግትር ነኝ፤ አንድ እሑድ ቁጭ አድርጌ አስረዳኋት። «እማ፣ መንግሥት አገልግሎቱን ወደ ስልክና ወደ ታብሌት እያዞረ ነው። እኔ ደግሞ ሕዝቡ ይችለዋል ወይስ አይችለውም የሚለውን አጠናለሁ። ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ይሞክራል፤ የት ላይ እንደሚቸገር አይቼ እጽፋለሁ።» ጋቢዋን ወደ ትከሻዋ ሰብስባ አሰበችበትና «ሲቸገር ታግዢዋለሽ አይደል?» አለችኝ። «አይ፣ ማገዝ ክልክል ነው» አልኳት። «ኧረ ወዲያ! ሰው ሲቸገር ዐይንሽን አፍጥጠሽ ለማየት ነው ደመወዝ የሚከፈልሽ?» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ያን ጊዜ ያስቅ ነበር።

ማዕረጌ ይረዝማል፦ ከፍተኛ የተጠቃሚ ጥናት ባለሙያ። ደንቡ ግን አጭር ነው። የተቀመጠው ሰው ሲሳሳት «እሱ አይደለም» አይባልም። ሲጨነቅ እጁ አይያዝም። «ልክ ነኝ?» ብሎ ከጠየቀ «እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» ተብሎ ይመለስለታል። ምክንያት አለው። ዛሬ እኔ ብረዳው ነገ ብቻውን ሲሆን ማን ይረዳዋል? ጥፋቱ ያለው ሰውየው ላይ ሳይሆን እኛ በሠራነው ነገር ላይ ነው፤ ካገዝኩት ጥፋታችን ተደብቆ ይቀራል። ይህን አሁንም አምናለሁ፤ በግማሽ ልብ።

በተፈጥሮዬ አፌ የማያርፍ ሰው ነኝ። ታክሲ ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ሲጣሉ ካልገላገልኩ ያመኛል። ስለዚህ ዝምታን ለመልመድ ሁለት ዓመት ሙሉ ምላሴን ነክሻለሁ። ከለመድኩት በኋላ ደግሞ ጉራዬ አይጣል! አዲስ ለሚቀጠሩት ሁሉ «ዝም አይነቅዝም» እያልኩ አስተምር ነበር።

ያን ዓመት የተሰጠን የሞት ምዝገባ ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ያስመዘግባል፣ የሞት ምስክር ወረቀት ይወስዳል። ያለዚያ ወረቀት ውርስ የለም፣ ጡረታ የለም፣ መሬት ወደ ሌላ ስም አይዞርም። ይህን በታብሌት ለማድረግ ታስቦ ከአንኮበር ቁልቁል ባለች፣ ስሟን በማልጠራት ቀበሌ ሙከራ ሊጀመር ሆነ። «አንቺ የአገሩ ልጅ ነሽ» ተብዬ እኔ ተላክሁ።

መጀመሪያ የሞከርነው በማስመሰል ነበር። አሊዩ አምባ በገበያ ቀን አንድ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ዘረጋሁና አንድ ጨርቅ ነጋዴ አባት አስቀመጥኩ። ቢሮ ተጽፎ የመጣውን እንዳለ አነበብኩላቸው፦ «እንበልና ባለቤትዎ ሞቱ። አሁን ሊያስመዘግቡ መጥተዋል።» ሰውዬው ታብሌቱን እሳት እንደነካው ሰው ለቀቁት። «አዑዙ ቢላህ! ምን በደልኩሽ ልጄ? ጧት ቁርሴን አብልታኝ ነው የወጣሁት!» አጠገባችን በርበሬ የምትሰፍር ሴት «ኧረ ይቺ ሟርተኛ ናት፣ ከዚህ ሂጂልን!» ብላ ጮኸች። ሰው ተሰበሰበ። ጠረጴዛዬን አጥፌ መኪና ውስጥ ገባሁ።

እውነታቸውን ነው። የሰው ሚስት በአፍ አትገደልም። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም ነበር፤ የአገሩ ልጅ የተባልኩት እኔ እንኳ አዲስ አበባ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጥያቄውን ስጽፍ ትዝ አላለኝም። ማታውኑ ለአለቃዬ ደወልኩና «ማስመሰሉ ይቅር፤ በእውነት ሐዘን ደርሶባቸው ሊያስመዘግቡ የሚመጡትን ልይ» አልኩት። «ጥሩ ሐሳብ ነው» አለኝ። ትልቁ ስህተቴ ይኼ ነው። ማስመሰሉን ትቼ የማስመሰሉን ደንብ ይዤ ሄድኩ።

እማማ የመጡት በኅዳር ወር፣ ሥራ በጀመርን በሦስተኛው ቀን ነው። እማማ ስላቸው እናቴን አይደለም፤ ያን ቀን እንዲህ ብዬ ስለጠራኋቸው ነው። ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ጥቁር የለበሱ፣ የነጠላቸውን ጥለት እንደ ሐዘንተኛ ወደ አንገታቸው ያዞሩ ሴት ናቸው። ሁለት ሰዓት ዳገት ወጥተው ነው የደረሱት። ትንፋሻቸው ሳይመለስ ነገራቸውን ነገሩን። ባላቸው ካረፉ ወር አልፏቸዋል። ልጅ አልሰጣቸውም። የገብስ ማሳውና ቤቱ ያሉበት መሬት ባልየው ከአባቱ የወረሰው ስለሆነ የመሬት ደብተሩ በእሱ ስም ብቻ ነው። «ይኸን ወረቀት ይዤ በስሜ ካላዞርኩት ወንድሙ ለበልግ በሬ ጠምዶ ይገባበታል» አሉ። «ከዚያ ወዲያ እኔ የት እወድቃለሁ?»

መዝጋቢው ከመዘዞ ተዛውሮ የመጣ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ትሑት ሰው ነበር። ጧት ላይ አስጠንቅቄዋለሁ፦ «ሲሞክሩ ምንም እንዳትል። ቢሳሳቱም እንዳትናገር።» እማማን ራሳቸው ሊሞክሩ ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «መሠረተ ትምህርት ነው የተማርኩ» አሉኝ ቀና ብለው፤ «ፊደል አልጠፋኝም።» የሚያስቡትን ጮክ ብለው እየተናገሩ እንዲሠሩ ስለምናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ብቻዬን ላውራ? አበደች ይበሉኝ?» እኔ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ማስታወሻ ደብተሬን ጭኔ ላይ አደረግኩ።

ጎበዝ ናቸው። የሞተበት ቀን ሲል «የጥቅምት ሚካኤል ማግስት ነው» ብለው በጣታቸው ቆጠሩና አሥራ ሦስትን ነኩ። ቀበሌውን አገኙት። ከሟች ጋር ያላቸውን ዝምድና አገኙት። ከዚያ «የሟች ስም ከነአባት» የሚለው ላይ ቆሙ። ብዙ ቆሙ። ከዚያ አንድ አንድ ፊደል እየፈለጉ ጻፉ፤ እየጻፉም እንደለመንኳቸው አሳባቸውን ተናገሩ።

«የክርስትና ስሙን ነው የምጽፍ። እዚህ የሚጠራበት ስም አበቃ። አሁን ያለው እዚያ ነው፤ እዚያ የሚያውቁት በዚህ ነው፤ ቄሱም የፈቱት በዚህ ነው። ሞቱ ሲጻፍማ በዚህ ነው እንጂ!» የሟችን አባትም እንደዚያው በክርስትና ስም ጻፉ።

ስህተቱ ገባኝ። ወዲያው ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ! ሐዘን ላይ ያለ ክርስቲያን «የሟች ስም» ሲባል የሚመጣለት ስም መታወቂያ ላይ ያለው እንዳልሆነ አዲስ አበባ ያለን አንዳችንም አላሰብንም። የመሬት ደብተሩ በዓለም ስም ነው፣ መታወቂያው በዓለም ስም ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ በመንግሥት መዝገብ የማይታወቅ ሰው ሞተ ሊል ነው። ይህን ያገኘሁት እኔ ነኝ። እጄ እየተቻኮለ ጻፍኩ።

መዝጋቢው ከጠረጴዛው ቀና አለ። ገብቶታል። አፉን ሊከፍት ሲል ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ አስቆምኩት። ያቺን ጣቴን እስከ ዛሬ ሳያት ታሳፍረኛለች።

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «ልክ ነው ልጄ?»

«እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው። ፈገግም አልኩ፤ ደስ ብሎኝ ስለነበር ፊቴ አልታዘዘኝም።

«ለእኔማ ልክ ነው» አሉና ላኩት። መዝጋቢው አየኝ፤ አንገቴን ነቀነቅኩለት፤ አጸደቀው። እማማ ወረቀታቸውን ታትሞ ሲወጣ ስመው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ሲጨርሱ ልነግራቸው ይገባ ነበር። ይኸም በደንባችን አለ፤ ሙከራው ካለቀ በኋላ ማገዝ ይቻላል። ነገር ግን ጉሙ ከሥር እየተነሣ ነበር፤ ሾፌሩ ጥሩምባ በጥሩምባ ላይ ያደርጋል፤ አንኮበር መንገዱ ላይ ጉም ከያዘ አያሳልፍም። «መዝጋቢው ያስተካክልላቸዋል» ብዬ ሄድኩ። እሱ ደግሞ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣችው ሴትዮ አንገቷን ነቅንቃ ያጸደቀችውን እኔ ምን ቆርጦኝ እነካለሁ ብሏል። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ጉሙም ሾፌሩም ሰበብ ናቸው። በአእምሮዬ ሪፖርቱን እየጻፍኩ ስለነበር ሴትዮዋን ረሳኋቸው።

አዲስ አበባ ላይ ያቀረብኩት ጥናት ተጨበጨበለት። የእማማን አባባል፣ «እዚህ የሚጠራበት ስም አበቃ» የሚለውን፣ በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ሳበራው አንዷ እንባዋን ጠረገች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሣጥኑ በላይ «በመታወቂያ ላይ ያለውን ስም ይጻፉ» የሚል መስመር ተጨመረ። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሐዘንተኛ ሁሉ ተስተካከለ። መንገዱን ላሳዩን ሴት ብቻ አልተስተካከለም።

በጥር አጋማሽ መዝጋቢው ደወለልኝ። ቢሮ ነበርኩ፤ ስልኩን ይዤ ኮሪደር ወጣሁ።

«እኚያ እማማ ትዝ ይሉሻል? የክርስትና ስም የጻፉት?»

«እንዴት አይሉኝም!» አልኩት፤ ድምፄ ውስጥ ኩራት ነበረ።

«ፍርድ ቤት ናቸው። ወረቀቱን ለመሬት ክፍል ቢሰጡ ‹ይኸ የሞተው ሰው መሬት የለውም፤ መሬት ያለው ሰውዬ ደግሞ አልሞተም› ተባሉ። ወንድምየው ከሰሳቸው። ‹የወንድሜ ሚስት ብትሆን ስሙን ታጣዋለች?› እያለ መሳቂያ አደረጋቸው። የንስሐ አባታቸው መስክረው ነበር፤ የወንድምየው ጠበቃ ግን በዚያ የክርስትና ስም የሚጠራ በአጥቢያው ስንት ሰው አለ ብሎ አጣጣላቸው። አሁን የጎደለው ያን ቀን ሲጽፉ ያየ ሰው ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ሄጄ ልመሰክር እችላለሁ። ግን ለምን ዝም አልክ ቢሉኝ አንቺ ነሽ ዝም ያሰኘሽኝ።»

ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ደብተሬ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ ሰዓቱ ሳይቀር ተጽፎበታል።

አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም። «ደንቡን ጠብቀሻል፤ ምንም ጥፋት የለብሽም» አለኝ። ይኼ ቃል ከስድብ በላይ አናደደኝ። ቀጥሎም ማስታወሻው የመሥሪያ ቤቱ እንደሆነ፣ የተሳታፊ ምስጢር ከቢሮ እንደማይወጣ ነገረኝ። «ምስጢሩ የእሳቸው ነው፤ መሬቱም የእሳቸው ነው!» ብዬ ጮህኩበት፤ በሩ ክፍት ነበርና ሰው ሁሉ ሰማ። ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ የሦስት ቀን ፈቃድ ሞላሁ። ማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ፤ አሁንም ከግል ማኅደሬ ጋር አለ።

ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት አደርኩ፤ ለእሷም አልነገርኳት። በነጋታው አንኮበር ፍርድ ቤቱ ግቢ ስገባ እማማ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ከስተዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«መጣሽልኝ! ይኸው የምላችሁ ልጅ!» አሉ አብሯቸው ለመጡት ለንስሐ አባታቸው። እጄን ይዘው ሳሙት። «እኔኮ ለሁሉም ነግሬአለሁ። የመንግሥት ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ዐይኗን ሳትነቅል እያየችኝ ነው የጻፍኩ። ስህተት ቢኖርማ ትነግረኝ ነበር። ጭራሽ ፈገግ ብላልኛለች።»

አሁን ልናገር፣ እዚሁ፣ ብዬ ነበር። አልተናገርኩም። በዚህኛው ዝምታዬ ላይ ደንብ አላስገደደኝም፤ ፍርሃት ነው።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። ዳኛዋ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ፣ ደረቅ ያለች ሴት ናት። አስማለችኝ። ማን እንደሆንኩ፣ ምን ልሠራ እንደመጣሁ ጠየቀችኝና ደብተሩን ተቀበለችኝ። ገጹን ስታገኝ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፦

«የሟች ስም ላይ ብዙ ቆሙ። የክርስትና ስሙን ጻፉ። ‹እዚህ የሚጠራበት ስም አበቃ› አሉ። የአባቱንም በክርስትና ስም ጻፉ። ስህተቱ ገብቶኛል። መዝጋቢው ሊናገር ሲል በምልክት አስቆምኩት። ‹ልክ ነው?› ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልሰጠሁም።» ዳኛዋ ቆም አለች። «ጠርዙ ላይ ደግሞ ‹ግሩም ግኝት!› ይላል። ከሥሩ ሦስት ጊዜ ተሰምሮበታል።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ስህተት መሆኑን ያን ጊዜውኑ ያውቁ ነበር?»

«አዎ፣ ክብርት ዳኛ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?»

ስንት ስብሰባ ላይ በሚያምር አማርኛ ያስረዳሁትን ደንብ አፌ ላይ ላመጣው ሞከርኩ። «ሥራዬ ማየት ነው» አልኩ። ከኋላዬ አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ፤ ወንድምየው ይመስለኛል። ወደ እማማ መዞር አቃተኝና አንገቴን ደፋሁ።

ደብተሩ ሠራ። እሳቸው ያን ቀን ስለየትኛው ሰው እንደጻፉ፣ ለምን እንደዚያ እንደጻፉ፣ ስህተቱም የማን እንደሆነ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አልነበረም። ዳኛዋ ከሰዓት በኋላ መዝገቡ እንዲታረምና ወንድምየው ከማሳው እንዲርቅ አዘዘች። የንስሐ አባታቸው «እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ። እማማ ቀድመውን ወጡ።

ውጭ ድንጋዩ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከፊታቸው መሬቱ እዚያው ይቆረጥና ወደ ቆላው ይወርዳል። አጠገባቸው ቆምኩ፤ ልቀመጥ አልደፈርኩም።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«አይተሽ ነበር» አሉ፤ እየጠየቁኝ አልነበረም።

«አይቼ ነበር።»

«አገራችን ገደል ነው» አሉ ወደ ታች እያዩ። «በጉም ሰው ወደ ጠርዙ ሲሄድ ብታዪ፣ ጠላትሽም ቢሆን ‹ተው!› ትያለሽ። ጠላትሽም ቢሆን። አንቺ ተቀምጠሽ ጻፍሽኝ?»

አለቀስኩ። አላባበሉኝም፤ አልተቆጡኝምም። ትንሽ ቆይተው ነጠላቸውን አጣፉና ተነሡ። «በይ ነይ፤ ቢሮው ከመዘጋቱ በፊት ይታረምልኝ» አሉ፤ ደረጃውን ከፊቴ ወረዱ።

ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ስንደርስ መዝጋቢው እየጠበቀን ነበር። ታብሌቱን ወደ እሳቸው ሊገፋ ሲል እጃቸውን አነሡ። «አሁን እሷ ትጻፍ። እኔ አጠገቧ ሆኜ ልያት።» እኔ እሳቸው በነበሩበት ወንበር ተቀመጥኩ፤ እሳቸው በእኔ ወንበር ተቀመጡ። እየጻፍኩ እያንዳንዱን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ብቻዋን እንደምታወራ እብድ። በመታወቂያ ላይ ያለውን ስም ጻፍኩ። ከአዲሱ መስመር ሥር፣ በእሳቸው ስህተት የተገኘው መስመር ሥር። የአባትን ስም ጻፍኩ። ዐይኔ ገና አልደረቀም።

«የሞቱበት ቀን» አነበብኩ። ያን የኅዳር ቀን እሳቸው ሲቆጥሩ ትዝ አለኝ፤ ሚካኤል፣ ሚካኤል ብለው ነበር። «አሥራ ሁለት» አልኩና ጣቴን ዘረጋሁ።

«ተይ!»

እጄን አየር ላይ ቀለቡት። መዳፋቸው ሻካራና ሞቃት ነው። ጣቴ መስተዋቱን ሳይነካው ያዙት።

«ማግስቱ ነው ልጄ። አሥራ ሦስት ነው» አሉኝ። አንዲት ሰከንድ አልጠበቁም።